ቤት ሙሉ የማያድጉ ልጆች

አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ይታይሽ፣ አንኮበር

እትዬ፣ ጉሙ እንዴት አድርጎሻል? የጋሽ ባየው ጉልበትስ? እኔ ደህና ነኝ። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅሽን አጥቼ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበር። ቃለ አብ ሚኒባሱን እንዳቆመ ደብዳቤሽን ይዞልኝ መጣ። ሻይ እንኳ ጠጣ ብለው እምቢ አለ። ከሹፌርነት ፖስተኛነት ሳይሻለው አይቀርም።

ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ምን እንደምሠራ ልንገርሽ፤ አትሳቂብኝ። ሕዋስ አሳድጋለሁ። ድሮ እንዳንቺ በደም ካንሰር ከታመመች አንዲት ሴት የተወሰዱ የደም ሕዋሶች ናቸው። ስሟን አላውቅም። ትኑር አትኑርም አላውቅም። ሕዋሶቿ ግን እኔ ጠርሙስ ውስጥ እየተባዙ ይኖራሉ። ጠዋት ስገባ እንደ ሰው እንዴት አደራችሁ እላቸዋለሁ።

በእያንዳንዱ ሕዋስ መሐል ኒውክለስ የሚባል ጓዳ አለ። እዚያ ጓዳ ውስጥ የሚኖሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሕዋሱ መቼ እንደሚያድግ፣ ምን እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚሞት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በጤነኛው ሕዋስ አንደኛው ፕሮቲን ቦታ ቦታውን ይዞ ይሰበሰባል። ቀለም ቀብቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ልጅ ሆነን ከገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለን ታች አልዩ አምባ መብራት ሲበራ እንደምናየው ነው፤ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ነጥብ። በአንቺ ዓይነቱ በሽታ ያ ፕሮቲን ከማይገባው ከሌላ ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ነጥቦቹ ፈርሰው አቧራ ይሆናሉ። ሕዋሱም ማደግ ያቅተዋል። ሕፃን እንደሆነ ይባዛል፣ ይባዛል፣ ደምሽን ይሞላዋል።

ስለዚህ ክኒንሽ ሕዋስ ገዳይ አይደለም፤ አንቺን የማይገድልሽም ለዚያ ነው። ጓዳው ድረስ ገብቶ የተጣበቁትን ያላቅቃል። ነጥቦቹ ይሰበሰባሉ፣ ሕዋሶቹ ያድጋሉ፣ ዕድሜያቸው ሲደርስ በወጉ ይሞታሉ። ከምን እንደሚሠራም ጠይቀሽኛል። ውስጡ ያለው የካሮት ዘመድ ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ? ሽፋኑ ደግሞ የከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ነገር ነው፤ ሆድ ሲገባ ይሟሟል። ይኸው ነው።

ታኅሣሥ ሲገባ ተራው ይደርሳል፤ በየሦስት ወሩ ሁለት ሳምንት፣ እዚህ ያሉት ሐኪምሽ በቃ እስኪሉሽ። ደምሽ ነጻ ነው ያሉሽ ይህንን እየዋጥሽ ነው። ካቋረጥሽው ሊመለስ ይችላል፣ ሲመለስ ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይገራም። እባክሽ እትዬ።

እህትሽ ሠናይት


አንኮበር
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሠንዬ፣ የእጄ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን አለን። ባየው ጉልበቱን ያመዋል፤ ቢሆንም ሰው ፊት አያነክስም፣ ታውቂው የለ። ገብሱ ደህና ነው። የበጎቹን ፀጉር ሸልተን ጨርሰናል፤ እኔም ለአንቺ ወፍራም ባና የሚሆን እየፈተልኩ ነው። ያ ጨለማ ክፍልሽ ይበርዳል ብዬ እገምታለሁ።

ደብዳቤሽን ለባየው አነበብኩለት። ሲያዳምጥ ቆየና «እንግዲህ ልጅቷን ያስተማርናት ለሕዋስ እንዴት አደርሽ እንድትል ነው» አለኝ። እኔ ግን ገብቶኛል። እንዲያውም በጣም ስለገባኝ በሕልሜ መጣብኝ።

ቤታችን ነው፤ ይሄው የምታውቂው ቤት። በሩን ስከፍት ልጆች ሞልተውታል። መደቡ ላይ፣ ጓዳው ውስጥ፣ ጎታው ሥር። ሁሉም አንድ እኩያ ናቸው፣ ጥርስ ገና ያላወጡ። ዝም ብለው ያዩኛል። ጡት አይሉ፣ አያለቅሱ፣ አያድጉ። እየተጠጋጉ ቦታ ይለቁልኛል፣ ደግሞ ሌሎች ይጨመራሉ። ልጅ እንዳልወለድኩ ታውቂያለሽ። ይህን ሁሉ ዓመት ለማንም ሳልናገር የቆየሁትን ላንቺ ልንገርሽ፤ በሕልሜ ስገባ ደስ አለኝ። ሕዋሶቹ መሆናቸውን እያወቅሁ ደስ አለኝ። ስነቃ ፈራሁ።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነው፣ በዚህ አታስቢ። ከጾም ውጪ ጠዋትና ማታ፣ በጾም ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይና ማታ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቄሽ ልዝጋ፤ ያ ቢጫ ዘይት ከበሶ ጋር ይስማማል? ነገሩ ለዕውቀት ያህል ነው።

ክንዴን በር መትቶኝ ጠቁሯል። በሰበቡ እንጨት አልሰብርም ብዬ ባየውን አሠራሁት።

ይታይሽ


አዲስ አበባ
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

እንኳን ከጥምቀት በሰላም አወጣሽ። ይህ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስሽ አላውቅም። ቃለ አብ መንገዱ ስለተዘጋ ደብረ ብርሃን ላይ መኪናውን አቁሞ ተቀምጧል አሉ። ቢሆንም ልጽፍልሽ ግድ ሆነብኝ።

ስለ ልጆቹ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። በልቤ ያለውን ልንገርሽ፤ ልጅ አልወለድኩም አትበይ፣ እኔን ምን ልትይኝ ነው? እናታችን ስትሞት ባንቺ ጀርባ ላይ ነው ያደግሁት። ሕልሙን ግን አትውደጂው። እነዚያ ልጆች የሚያሳዝኑ ናቸው፣ እኔም ቀን ቀን ስለማያቸው አውቃለሁ፤ ቤቱን ካልለቀቁ ግን ባለቤቷን ያስወጧታል።

አሁን እንዳትሸሺኝ። ዘይቱ ቢጫ መሆኑን በምን አወቅሽ? እኔ ቢጫ አላልኩሽም። ሽፋኑ ውስጡን አያሳይም። ከበሶስ ጋር ምን አገናኘው? ያ ክኒን ሳይከፈት፣ ሳይታኘክ ከምግብ ጋር የሚዋጥ ነው። የውስጡ ነገር ብርሃን አይወድም። ሽፋን የተደረገለት ለዚያ ነው። እኔም በጨለማ ክፍል ውስጥ የምነካው በዚሁ ምክንያት ነው።

ክንድሽን የመታሽ የትኛው በር ነው? የእኛ ቤት በር ወደ ውጪ ነው የሚከፈተው።

ሠናይት


አንኮበር
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሠንዬ፣

ደብዳቤሽ ሁዳዴ ከተያዘ በኋላ ደረሰኝ። ቃለ አብ አንከራትቶ አንከራትቶ አመጣው። ሳነበው ባየው አጠገቤ ነበር፣ ፊቴን አይቶ «ያዘችሽ አይደል?» አለኝ። እሱም ያውቅ ነበር። አትቆጪው፣ እኔ ነኝ ያስማልኩት።

እንዲህ ነው የሆነው። ሽፋኑ ከከብት ነው ብለሽ ስትጽፊልኝ የነቢያት ጾም ሊገባ ነበር። ተቸገርኩ። ከባየው ጋር በቁርባን የተጋባን ሰዎች ነን፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ጾም ገድፌ አላውቅም። ተኝቼ በነበረ ጊዜም ቢሆን አልገደፍኩም። መድኃኒቱን መተውም አልፈለግሁም፣ መኖር እፈልጋለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ላደርግ አሰብኩ። ወስፌ አምጥቼ ክኒኖቹን አንድ በአንድ ወጋሁና ዘይቱን ጨምቄ አወጣሁ። በየቀኑ መውጋት ስለሚያደክም የሁለቱን ሳምንት አንዴ ጨመቅሁትና በታጠበ የሽሮፕ ጠርሙስ አስቀመጥኩ። በየቀኑ በማንኪያ ከበሶ ጋር እየበጠበጥሁ ጠጣሁ። ሽፋኑን ለዶሮ ሰጠሁ፤ ዶሮዋ እንኳ ቀምሳ ተወችው።

ጠርሙሱን የት አስቀመጥሽ ማለትሽ አይቀርም። መስኮቱ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ። እንድትጠብቅልኝ ብዬ። ያ መስኮት ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ከቆላው በኩል ስትወጣ ቀጥ ብላ የምትገባበት ነው። ባለፈው ጾም እንዲሁ አደረግሁ፣ አሁንም በሁዳዴው ተራ እንዲሁ። ብርሃን አይወድም ብለሽ ስትጽፊ ጠርሙሱን ቀና ብዬ አየሁት። ፀሐይ ውስጡ ገብታ ታበራ ነበር። በጣም ያምር ነበር ሠንዬ።

በርም አልመታኝም። ሳይመታኝ ይጠቁራል። ቆሎ ስበላ ድዴ ይደማል፤ ባየው እንዳያይ ቆሎ ተውኩ። ልጆቹም በየቀኑ ይመጣሉ አሁን። ቤቱ ውስጥ መቆሚያ የለም።

ፈርቻለሁ።

ይታይሽ


አዲስ አበባ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታዬን በልብሽ ያዥው፣ ዛሬ ለሰላምታ ጊዜ የለኝም።

ተናድጄ ነበር፣ ደብዳቤሽን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ስመለስ ንዴቱ በራሴ ላይ ሆነ። ቆዳና አጥንት ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። ጾም ደጃፍ ላይ ቆማ ለምትጠብቅ ሴት ይህን ስጽፍ፣ እዚያው ቤት ያደግሁት እኔ እንዴት አልታየኝም? እዚህ ከተማ ውስጥ ቆይቼ ረሳሁት። ይቅር በይኝ።

ዘይቱ ፀሐይ ላይ ሲውል ይበላሻል። የጠጣሽው በሶውን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ተራ አልፎሻል። የመጥቆሩና የድዱ ነገር ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ያኔ በመጀመሪያውም እንዲሁ ነበር። አሁን የምልሽን ስሚኝ። ይህን እንዳነበብሽ ደብረ ብርሃን ውረጂ። ደም ይስጡሽ፣ የሚያስፈልገውን ናሙና ይውሰዱና ወደዚህ ይላኩት፤ ለሐኪሟ ነግሬያለሁ። ደግሞ ከመሄድሽ በፊት አባ ገብረመንፈስቅዱስ ዘንድ ሂጂና እንደ ነገርሽኝ ንገሪያቸው። የነፍስ አባትሽ እሳቸው ናቸው፣ እኔ የማልፈታውን እሳቸው ይፈቱታል። ጋሽ ባየው ይከተሉሽ። በጎቹን ለጎረቤት ስጡ።

በሽታው ቢመለስም ሌላ መድኃኒት አለ፣ ሰው ይድናል። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ግን ቶሎ ነው።

ሠናይት


ደብረ ብርሃን
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሠንዬ፣

ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ደም ተሰጠኝ። ከወገቤም መቅኔ ቀዱ፤ ባየው ክፍሉ ውስጥ ቆሜ አየሁ ብሎ ፎከረ፣ ነርሷ ግን ወንበር እንደሰጠችው ነገረችኝ።

አባ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ወስፌውንም ሳይቀር። እሳቸውም «ለመሆኑ ሽፋን ያለው ክኒን ሁሉ እንዲሁ ነው?» አሉኝ። ብዙው እንዲያ ነው ትላለች እህቴ አልኳቸው። «እንግዲያው እኔ አምና ለጨጓራዬ ሁዳዴውን ሙሉ ስውጥ የከረምኩት ምን ኖሯል?» አሉ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፣ እኔም ሳቅሁ። ሲበቃቸው እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «መድኃኒት ድግስ አይደለም፣ እንዳለ ዋጪው» አሉኝ። ቀድሜ ብጠይቃቸው ኖሮ በአንድ ቃል ያለቀ ነገር ነበር። እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ይዤ አባን ላስቸግር? ብዬ ነው ያልጠየቅሁት።

አዲስ አበባ መምጣት አለብሽ እያሉኝ ነው። አልፈልግም ብዬ ነበር። እዚያ ለሕክምና ሄዶ ያልተመለሰውን ሰው አስባለሁ፤ ከሞትኩም በአገሬ ጉም ውስጥ ልሙት አልኩ። አጠገቤ የተኛችው ሴት መስከረም ትባላለች፣ ከወለጋ ተፈናቅላ ከነልጆቿ እዚህ መጠለያ ውስጥ ነው የምትኖረው። የእኔንና የባየውን ክርክር ሰምታ «ቤትሽ አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። «በሩ ይዘጋል?» አዎ። «ታዲያ ሂጂና ታክመሽ ግቢበት» አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያን ጊዜ ባየውን እንሄዳለን አልኩት።

ውጤቱን ስታውቂ እውነቱን ጻፊልኝ። ለባየው ሌላ፣ ለእኔ ሌላ እንዳታደርጊ።

ይታይሽ


አዲስ አበባ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

እውነቱ ይኸው፤ ተመልሷል።

ሐኪሟ ከነገሩኝ በኋላ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ የአንቺን ሕዋስ እኔው ቀለም ቀብቼ አየሁት። ጨለማው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ የዚያችን የማላውቃትን ሴት ሕዋሶች እንዴት አደራችሁ ስል ኖሬ፣ ለአንቺዎቹ የምለው ቃል አጣሁ። ነጥብ የለም። ጓዳው ሁሉ አረንጓዴ አቧራ ነው። እንደ አገራችን ጉም ነው፤ መብራት ከውስጡ እንዳለ ታውቂያለሽ፣ የት እንዳለ ግን አታይም። አለቀስኩ፣ መነጽሬን ማውለቅ ረስቼ።

ገና ሳይበረታ ነው የተያዘው፤ ይህም አንቺ ስለነገርሽኝ ነው። አልጋ ተይዞልሻል። ያው ክኒን ነው፣ በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ተጨምሮበት። ቃለ አብ ነገ በጠዋት ያነሳችኋል። ብርድ ልብስ አትያዢ፣ እዚህ አለ። መስከረምን አመስግኚልኝ።

ሠናይት


አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል
ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሠንዬ፣

አንድ ግቢ ውስጥ ሆነን ደብዳቤ መጻፋችን ነርሷን አስቋታል። ስልክ አለ ትያለሽ፤ በስልክ ሳወራሽ ድምፄ ይሰበራል፣ ስጽፍ ግን ጀግና ነኝ። ሳል ይዞሻል ብለው መግባት መከልከላቸው ደግሞ ልክ ናቸው። የእኔ ደም አሁን የሰው ጉንፋን አይችልም አሉ። በመስታወቱ ሳይሽ ከስተሻል። የምትበይውን አላውቅም መሰለሽ?

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ እንዳለ እየዋጥኩት ነው። ሕማማት ላይ ነን፣ ሰዉ ሁሉ ይሰግዳል፣ እኔ ተኝቼ የከብት ቆዳ እውጣለሁ። የመጀመሪያ ቀን አፌ ውስጥ ይዤው ቆየሁ፣ አልወርድ አለኝ። ከዚያ የአባ የጨጓራ ክኒን ትዝ አለኝና ሳቄ ሲመጣ አብሮ ወረደ።

አጥንቴን ያመኛል፣ ትንፋሽም ያጥረኛል። ሐኪሟ «ሕዋሶቹ ማደግ ሲጀምሩ እንዲህ ያደርጋል፣ እየጠበቅንሽ ነው» አሉኝ። ባየው ይህን ከሰማ ወዲህ «ምጥ ነው በይው» ይለኛል። ቀልዱ ነው፣ ግን ሲወጣ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ልጆቹ አልተኙም። እግራቸውን ሲዘረጉ አየሁ።

ይታይሽ


አዲስ አበባ
ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ፋሲካን ከመስታወት ወዲህና ወዲያ ሆነን አሳለፍነው፤ ዶሮውንም ጋሽ ባየው ብቻቸውን በሉልን። ይህ የማይረባ ሳል እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ማስቲካ እያኘክሁ ላታልላቸው ሞከርኩ፣ በር ላይ አስነጠስኩ።

ዛሬ አዲሱን ናሙና አየሁ። ሐኪሟ የሚሉትን እሳቸው ይንገሩሽ፣ ገና ብዙ ምርመራ አለ፣ እኔ ያየሁትን ብቻ ልጻፍልሽ። መብራቱን አጥፍቼ ዓይኔን ስደቅን መጀመሪያ ምንም አላየሁም፤ ማይክሮስኮፑን ሳላስተካክል ነበር። አስተካከልኩት። አንድ ነጥብ ታየኝ። ከጎኗ ሌላ። ቀስ ብዬ ሳንቀሳቅሰው በየጓዳው፣ በየጓዳው ተሰብስበዋል እትዬ። ጉሙ ተገፎ ነበር። ሕዋሶቹም ቅርጻቸው ተለውጧል፣ አድገዋል፣ እንደ ማንም ጤነኛ ሰው ደም ሕዋስ። ማታ ማታ ከአፋፉ ላይ ስቀመጥ «በይ እንግባ፣ መሸ» ስትይኝ፣ አንድ መብራት ይብራና ብዬ እንደምለምንሽ ነበር የተቀመጥኩት። ማንም ግቢ ስላላለኝ ብዙ ቆየሁ።

ሠናይት


አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል
ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሠንዬ፣ የእጄ ልጅ፣

ዛሬ ልደታ ናት፣ እንኳን አደረሰሽ። ሐኪሟ መጥተው ነገሩኝ። ገና ወራት ይቀሩኛል አሉ፣ ግን ወደ ደህናው መንገድ ገብቻለሁ። ባየው ደብዳቤሽን አንብቢልኝ ብሎ ካነበብኩለት በኋላ እንደገና አለኝ። ለበጎቹ ሊነግራቸው ነው መሰለኝ፣ ነገ አንኮበር ደርሶ ይመለሳል።

ሌሊት የመጨረሻውን አየሁ። ልጆቹ ቆመዋል፣ ጎበዝና ቆነጃጅት ሆነዋል፤ ጣራውን ሊነኩ ነው። አንድ በአንድ ጉልበቴን እየሳሙ ወጡ። አልከለከልኳቸውም። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር ብዬሽ የለ፣ አሁንም ደስ አለኝ፣ ግን ሆዴ ባባ። በሩ ላይ ቆሜ ጉሙ እስኪውጣቸው አየኋቸው። ስመለስ ቤቱ ሰፊ ነው። ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ቀርታለች፣ ያንን ባና ለብሳ። አንቺ ነሽ። አንቺስ አትሄጂም? አልኩሽ። አድጌአለሁ እኮ፣ ቤቴም እዚሁ ነው አልሽኝና ሳልሽ።

በሕልሜም ትስያለሽ። ባናው ተሠርቶ አልቋል፣ ባየው ሲመለስ ይዞልሽ ይመጣል። እሱን ልበሺ፣ ትኩስ ነገር ጠጪ፣ ያንን ጨለማ ክፍል ለጥቂት ቀን ተይው። ሲሻልሽ ትገቢያለሽ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።

ይታይሽ